ከአልጋዬ ሥር የነበረው ጦር

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን ከሁሉ በፊት ልናገረውና ይውጣልኝ። ጅብ አልፈራም፤ መብረቅንም ቢሆን ከጎረቤቶቼ አብልጬ አልፈራም። እኔ የምፈራው መጠራትን ነው። አንድ ሰው በራፌ ላይ ቆሞ «መምህር፣ ትፈለጋለህ» ካለኝ ጉልበቴ እኔን ሳያማክር ይቀመጣል። ሰውዬው ሠርግ ሊጠራኝ ይሁን ክስ ሊያነብልኝ ለልቤ ልዩነት የለውም፤ ልቤ ምክንያት እስኪሰማ የሚጠብቅ ልብ አይደለም።

እንዲህ ያለ ፍጡር በአብዮቱ ሰሞን መካነ ሰላም ውስጥ አስተማሪ ሆኖ ሲኖር እንዴት እንደሚኖር አስቡት። በዚያን ጊዜ የማይጠራ ሰው አልነበረም። ለስብሰባ ይጠራል፣ ለሰልፍ ይጠራል፣ ለጥያቄ ይጠራል። ከተጠሩት ውስጥ ቶሎ የሚመለስ አለ፣ ቆይቶ የሚመለስ አለ፣ ስሙ ሲነሣ ጨዋታ የሚቀየርበትም አለ። እኔ ከቀበሌ ጠባቂ ጋር ዓይን ለዓይን ላለመጋጨት ገበያ የምሄደው በጓሮ መንገድ ነበር። ታዲያ ይኸው ሰው አንድ ሙሉ ጦር፣ እግረኛና ፈረሰኛ፣ ከነንጉሡ አልጋው ሥር ደብቋል ተብሎ ሊያዝ የቻለው እንዴት ነው? እሱን ነው የማጫውታችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከጫማ ነው። አዲስ አበባ የመምህርነት ትምህርቴን ልጨርስ ስል የጫማዬ ሶል ለቀቀ። አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ የቤት ዕቃውን እየሸጠ ነው፣ ጫማም አለው ሲሉኝ ሄድኩ። ጫማ በእርግጥ ነበረው፤ ግን የሰውዬው እግር እግር አልነበረም። አንዱን ጫማ ሳጠልቀው እስከ ጉልበቴ ሊውጠኝ ምንም አልቀረው። እንዲሁ እንዳልወጣ አፍሬ ግቢው ውስጥ ስንጎራደድ ጠረጴዛ ላይ አንድ ጠፍጣፋ የእንጨት ሳጥን አየሁ። ከፈትኩት። በውስጡ ከጣቴ የማይበልጡ ወታደሮች በሰልፍ ተኝተዋል። ጠመንጃ ያነገተ አለ፣ ከበሮ የያዘ አለ፣ ፈረስ ላይ የተቀመጠ አለ። ሁሉም ከእርሳስ የተሠሩ፣ ሁሉም አመድ የመሰሉ፤ ቀለም አልነካቸውም።

ፈረንጁ ሽማግሌ ነበር። በተሰባበረ አማርኛ እንደነገረኝ ከጓደኞቹ ጋር ጠረጴዛ ላይ ይደረድሯቸውና የጥንት ጦርነት ይዋጋሉ፤ ርቀቱን በክር እየለኩ፣ የሚሞተውንና የሚተርፈውን ዕጣ እንደሚጥል ሰው ጠጠር እየወረወሩ ይወስናሉ። «የሚጫወቱት ልጆቻችሁ ናቸው?» አልኩት። «የለም፣ እኛ» አለኝ። በዕድሜ የገፉ፣ ጡረታ የወጡ ሰዎች። ከዚያም ሳጥኑን በጣቱ እየመታ «ይኼ መቅደላ» አለ። ቀይ ኮት የሚለብሱት እንግሊዞች ናቸው፣ ጥምጣም ያላቸው ከህንድ የመጡት ናቸው፣ በወዲያ በኩል ያሉት ደግሞ የንጉሡ ሰዎች። ቀለም ሊቀባቸው ሲያስብ ሲያስብ ጊዜው አለፈበት።

መቅደላ ሲል ሰማሁና ነገሬ ተበላሸ። እኔ የወሎ ቦረና ልጅ ነኝ፤ መቅደላ ለእኛ የመማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለ ስም ብቻ አይደለም፤ የአጎቶቼ በቅሎ የምትደርስበት አምባ ነው። ከመቅደላ የተወሰደው ሳያንስ እነዚህንም በሳጥን ይዟቸው ሊሄድ ነው ብዬ ተቆጨሁ። ዘመዶቼን ያሰሩብኝ መሰለኝ። የጫማዬን ገንዘብ ሰጥቼ ይዣቸው ወጣሁ።

ከደሴ በአቀስታ በኩል በጭነት መኪና፣ ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ሳጥኑን ታቅፌ፣ ሶሌን በሲባጎ አስሬ አገሬ ገባሁ። ያን ጊዜ ገና አዲስ ሙሽራዬ የነበረችው የሺ ሳጥኑን ከፍታ አየች፣ ዘጋችው፣ «ጫማው የታለ?» አለች።

«እነዚህን ቀለም እቀባቸዋለሁ» አልኳት።

«መቼ?»

«በዚህ ሳምንት።»

ያ ሳምንት ብዙ ዓመት ፈጀ። መጀመሪያ ቀለም ጠፋ፣ ከዚያ ሥራ በዛ፣ ከዚያ ሳጥኑ አልጋ ሥር ገባና ተረሳ። ከዚያ ደግሞ ያ ክፉ ቀን መጣ። ስለ እሱ ማላገጥ አልችልም። ዝናቡ ቀረ፤ ከዓባይ ቆላ ሰው እየወጣ፣ መንገድ ላይ እየቀረ፣ የደረሰው ደርሶ የትምህርት ቤታችንን አዳራሽ ሞላው። እኔና የሺ በራችንን ዘግተን መብላት አቃተን። ከፍተን ስንበላም የሚበቃ አልነበረም። አንድ ቀን ጠዋት ደጃችን ላይ አንዲት ሴት ወድቀው አገኘን። ባላቸውን መንገድ ላይ ቀብረው የመጡ ናቸው። እትዬ ዘሀራ ይባላሉ። ማድ ቤታችን ውስጥ አገገሙ፤ ሲጠነክሩም ከእኛ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የምትገናኘውን ጠባብ ክፍል ተከራይተው፣ ጥጥ እየፈተሉ ኑሯቸውን ቀጠሉ። ፈትል ድምፅ የሌለው ሥራ ነው። ግድግዳውም ከጭቃ የተሠራ ስስ ነው። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

አብዮቱ ሲመጣ ትልልቆቹ ተማሪዎቼ ለዘመቻ ሄዱ፤ እኔ በግማሽ ቀን ሥራና በሙሉ ቀን ፍርሃት ቀረሁ። እንቅልፍ አጣሁ። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጤና ጣቢያ ያለው ድሬሰራችን፣ እሱም ከእኔ የማይሻል ድንጉጥ ሰው፣ ደረቴን በመሣሪያው አዳመጠና በሽታ የለህም አለኝ። «ጭንቀት ነው። እጅህን የሚያስይዝህ ነገር ፈልግ። የማያናግርህ፣ የማያስፈራህ፣ ጸጥ ያለ ሥራ።» ቤቴ ስገባ በቀጥታ አልጋ ሥር ገባሁ።

አሁን ቀለም ከየት ይምጣ? የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ቀበሌው የሰልፍ መፈክር የሚጽፈው በእኔ ነበር፤ ከመፈክሩ የተረፈ ቀይ ቀለም በጣሳ ቤቴ ተቀምጧል። ከዚያ በክብሪት እንጨት ጫፍ እየነካሁ እወስድ ነበር፤ እየወሰድኩም አንድ ዓይኔን በሩ ላይ አደርግ ነበር። ነጩ ኖራ ነው። ሰማያዊው የትምህርት ቤት ቀለም ነው። ጥቁሩ ከሰል ነው። የእንግሊዞቹን ፊት በምን ልቀባ ብዬ ተቸግሬ ኖራው ላይ ትንሽ በርበሬ ጣል ባደርግበት ቁርጥ ፀሐይ የመታው ፈረንጅ ወጣልኝ። የሺ በርበሬው መጉደሉን አወቀች። «በጦም ቀን ፈረንጅ እየቀባህ በርበሬዬን ትጨርሳለህ?» አለችኝ። ብሩሽ ለመሥራት የድመት ፀጉር እፈልጋለሁ ብዬ ድመቷን ጠጋ አልኳትና እጄን በአምስት ጥፍር ጻፈችብኝ። በመጨረሻ የሺ ከራሷ ፀጉር ጫፍ ቆርጣ ሰጠችኝ፤ «ተቀበል፣ ብቻ ዝም ብለህ ቀባ» ብላ።

ዝም ማለቱን ነው ያልቻልኩት። ለካስ እኔ ስቀባ አወራለሁ። የሺ ጓሮ ሆና ሥራዋን ትሠራለች፤ እኔ ክፍል ውስጥ ተጎንብሼ የደረስኩበትን በየጊዜው ጮክ ብዬ እነግራታለሁ። እጄ ግን በእርግጥ ጸጥ አለ። ልቤም ረጋ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የተኛሁት በዚያ ሰሞን ነው።

ንጉሡ ላይ ስደርስ ግን ተጨነቅሁ። ዘውዱን ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ካለው ወርቃማ ወረቀት ቆርጬ አደረግሁለት፤ አማረበት። ከዚያ ዓይኑን ስቀባ እጄ ከዳኝና አንዱ ዓይን ጠፋ። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይን ብቻ የሚሣለው ክፉ ሰው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የመቅደላውን ጌታ ከክፉዎች ጎን አሰለፍኩት ብዬ አዘንኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን አገሩ ንጉሥ ባወረደበት ወቅት ባለ ሁለት ዓይን ንጉሥ ቤቴ ቢገኝ የባሰ ነው አልኩና ተውኩት።

እንግዲህ በዚህ መካከል ግድግዳው ማዶ ጥጥ እየፈተሉ የተቀመጡት እትዬ ዘሀራ የሚሰሙት ይህን ነው፦

«የሺ፣ ፈረሰኞቹን ዛሬ ጨረስኳቸው። ነገ እግረኞቹ ላይ እነሣለሁ። እርሳሱ ገና ብዙ ነው።»

«ንጉሡስ?»

«እሱ እዚሁ አልጋ ሥር ይቆይ። ሲደርስ አወጣዋለሁ።»

ሌላ ቀን ደግሞ፦

«የሺ፣ ወይ ጣጣ፣ የአንዱ እግር ተሰበረ።»

«የቱ?»

«ፈረሰኛው።»

«ታዲያ ምን ታደርገዋለህ?»

«ካልተያያዘለት እቆርጠዋለሁ።»

እኛ ይህን ስንነጋገር ምንም አልመሰለንም። የገረመን ሌላ ነገር ነው። እትዬ ዘሀራ በድንገት ምግብ ያመጡልን ጀመር። ዛሬ ንፍሮ፣ ነገ በሻሽ የተሸፈነ ቂጣ፤ ከፈትል በሚያገኟት ሳንቲም። አይሆንም ብንል አይሰሙም። ያ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በፊት አንተ ሲሉኝ የነበሩት ሴት አንቱ ማለት ጀመሩ። ጠዋት በሩ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ደህና አደሩ?» ይላሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደርኩ» እላለሁ። ማታ «ጠገቡ?» ይላሉ። «በደንብ ጠገብኩ፣ እትዬ» እላለሁ። ግራ ገብቷቸው ሲያዩኝ ትሕትናዬ የገረማቸው መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ለየሺም «አየሽ፣ አስተማሪነቴ አሁን ነው የገባቸው» አልኳት። ሴትየዋ ግን አንቱ አላሉኝም፤ የሚጠይቁኝ ስለ ሠራዊቱ ነበር፤ የምበላላቸው እኔ ነበርኩ።

የእግሩን ነገር ግን ንፍሮ አልፈታውም። እትዬ ዘሀራ ሁለት ሌሊት ሲገላበጡ አድረው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ድሬሰራችንን ለብቻው ጠሩና «ልጄ፣ እግሩ የተሰበረ ሰው አለ። ሊቆርጡበት ነው። ስሙን አትጠይቀኝ፣ ማሰሪያና መድኃኒት ብቻ ስጠኝ» አሉት። ድሬሰሩ የት ነው ያለው ብሎ ሲያስጨንቃቸው እንዳይጨነቅ ብለው «አብሽር፣ መምህሩ ቤት ነው፤ አልጋ ሥር፣ ከነንጉሡ፣ ከነእርሳሱ» አሉት። እሱ እንደ እኔ ድንጉጥ መሆኑን ነግሬያችኋለሁ። ማሰሪያውን ሰጣቸው፤ ከኋላቸው ወጥቶ ደግሞ በቀጥታ ወደ ቀበሌ ሄደ። ያን ጊዜ በቤጌምድር በኩል ያኮረፉ መሳፍንት ጦር ይዘው ሸፍተዋል እየተባለ ነበርና ወሬው ለመፋፋት ብዙ አልፈጀበትም።

ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ለእንግሊዞቹ ቀይ ኮት እያለበስኩ ሰፌድ ላይ ለማድረቅ እደረድራለሁ። በሩ ተንኳኳ፤ ስከፍት የቀበሌያችን ሊቀመንበር አቶ ይመር ቆመዋል። ከአብዮቱ በፊት የበቅሎ ነጋዴ የነበሩ፣ ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሰው ናቸው። ከግራና ከቀኛቸው ጠመንጃ የያዙ ጠባቂዎች። ጉልበቴ የተለመደውን ሊያደርግ ሲል የበሩን መቃን ያዝኩ።

«እርሳስ አለህ ይባላል» አሉኝ አቶ ይመር።

አስተማሪ ሆኜ እርሳስ የለኝም ብል የበለጠ እጠረጠራለሁ አልኩ በልቤ። «አለኝ» አልኩ።

«ብዙ ነው?»

«ለተማሪዎቹ የሚበቃ አለ።»

አቶ ይመር ዞረው ጠባቂዎቹን አዩ። «ተማሪዎቹንም ሊያስታጥቅ ነው» አሉ ቀስ ብለው። እሳቸው የሚሉት ለጥይት የሚቀልጠውን እርሳስ መሆኑ የገባኝ ከጠባቂዎቹ አንዱ ጠመንጃውን ከትከሻው ሲያወርድ ነው።

«ንጉሡስ?» አሉኝ።

«የትኛው ንጉሥ?»

«አልጋ ሥር ያለው።»

የሺ ከጓሮ ገብታ ነበርና እኔ አፌን እስክከፍት አልጠበቀችም፤ ጎንበስ ብላ ሳጥኑን ከአልጋው ሥር ጎትታ እግራቸው ሥር አስቀመጠችው። «ይኸው፣ ከነሠራዊቱ» አለች።

አቶ ይመር ተንበረከኩ። አንዱን አነሡ፣ ሌላውን አነሡ። ጠባቂዎቹ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። እኔ ፊታቸውን እያነበብኩ ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቁም። ከሰፌዱ ላይ አንዱን እንግሊዝ በሁለት ጣት አንሥተው ወደ ብርሃን አስጠጉት።

«ይኼ ቀለም የእኛ አይደለም እንዴ?»

«የተረፈው ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ጠብታ ናት።»

«በአብዮቱ ቀይ ቅኝ ገዢ ቀባህበት?»

«ያኔም ኮታቸው ቀይ ነበር፣ ጓድ ሊቀመንበር። እኔ አላለበስኳቸውም» አልኩ። ላብ በጀርባዬ እየወረደ ነው። ንጉሡን አነሡት።

«ይኼ ለምን አንድ ዓይን ብቻ ሆነ?»

«ፊውዳል ስለሆነ ነው» አልኩ። እንዲህ ስል የመቅደላውን ጌታ ይቅርታ በልቤ ጠየቅሁ።

አቶ ይመር አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ፊታቸውን በደንብ አየሁት፤ ላብ አጥምቆት ነበር፣ እንደ እኔው። «መምህር» አሉኝ፣ «እኔ እኮ ጦር ተገኘ ብዬ ለአውራጃው አስነግሬያለሁ። ፖሊሶቹ ተዘጋጅተው እየጠበቁ ነው። አሁን ሄጄ ምን ልበል?»

የሚገርመው ነገር እሳቸው ሲፈሩ ሳይ የእኔ ቀለል አለኝ።

«ጦር ነው ወይስ አይደለም?» አሉ ቆይተው።

«ጦርስ ጦር ነው።»

«በቁጥጥር ሥር ነው?»

«ነው።»

«ንጉሡም ተይዟል።»

«ተይዟል።»

«እንግዲያው እኔ የዋሸሁት የለም። ተነሥ፣ ይዘን እንሂድ።»

የመካነ ሰላም ሰው ያን ቀን ያየውን ሰልፍ ሁለተኛ አላየም። ቀለሙ ያልደረቀውን እንዳልነካካ ወታደሮቹን ሰፌዱ ላይ ደርድሬ በነጠላ ሸፍኜ ተሸከምኩ፤ ጠባቂዎቹ ግራና ቀኝ፣ አቶ ይመር ከፊት፣ የሺ ከኋላ ሳጥኑን ይዛ። ሰው ከየቤቱ ወጥቶ መንገዱ ዳር ቆመ። አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «ንጉሡን ቆራርጠው ነው መሰለኝ» ስትል ሰማሁ። ሰፌዱ በእጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ከነጠላው ሥር እርሳስ ከእርሳስ ሲጋጭ ይሰማል፤ ሰውም በእያንዳንዱ ቅጭልታ ወደ ኋላ ፈግፈግ ይል ነበር።

የአውራጃው ኃላፊ ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ነው። ነጠላውን ገለጠ፣ አየ፣ መልሶ ሸፈነ። እሱም አልሳቀም። ያ ጊዜ ሳቅ የሚታሰብበት ጊዜ አልነበረም፤ ማን ፊት እንደተሳቀ ይቆጠር ነበር። ነገሩን ከአቶ ይመር ሰማ፣ ከድሬሰሩ ሰማ፣ ከእኔም ተንተባትቤ ሰማ። የእኔ አለቀ ብዬ እፎይ ልል ስል «ሴትየዋን አምጧት» አለ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የዞረብኝ። መጫወቻ የቀባ ሰው ጅል ነው፤ ጅልነት አያሳስርም። ሽፍታ መስሎት ስንቅ ያቀበለ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ያቀበለው ሽፍታ እርሳስ ሆኖ ቢገኝም ልቡ ያቀበለው ለሽፍታ ነው። እንዲህ የሚል ሰው በዚያ ዘመን ሞልቷል። እትዬ ዘሀራ የፈትል እንዝርታቸውን እንደያዙ ገቡ፤ «አሰላሙ አለይኩም» አሉ፣ የመለሰላቸው አልነበረም።

«ምግብ ስታቀብይ የነበረው ለእነማን ነው?» አላቸው ኃላፊው።

«ከግድግዳው ማዶ ላሉት።»

«እነማን እንደሆኑ ታውቂ ነበር?»

«ወላሂ አላውቅም። ፈረሰኛ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ንጉሥም አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«የሕዝብ ጠላት ሊሆኑ እንደሚችሉ አላሰብሽም?»

እኔ ያን ጊዜ ሳልጠራ ተነሣሁ። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቀውም። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ፤ «እሳቸው የሰሙት እኔ የጮህኩትን ነው። የሚጠየቅ ካለ እኔን ጠይቁኝ።» ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ኃላፊው ተቀመጥ በሚል እጁን አወረደ፤ እኔ ግን ብቀመጥ ዳግመኛ እንደማልነሣ ስለማውቅ ቆሜ ቀረሁ።

እትዬ ዘሀራ እኔን አዩ፣ ኃላፊውን አዩ። «የኔ ልጅ» አሉት፣ «እኔ የሰማሁት ብዙ መሆናቸውን፣ አልጋ ሥር መሆናቸውን ነው። አልጋ ሥር የተደበቀ ሰው ጠግቦ አይበላም። እኔ በዚያ ክፉ ቀን እነዚህ ሰዎች ደጅ ስወድቅ ማን ነሽ ያለኝ አልነበረም። መጀመሪያ አጎረሱኝ፣ ስሜን ኋላ ጠየቁኝ። እኔም አጉርሼ ስጨርስ እጠይቃለሁ ብዬ ነበር። እናንተ ቀደማችሁኝ።»

ከጠባቂዎቹ አንዱ፣ እሱም ከቆላ የወጣ ሰው ነው፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ኃላፊው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰፌድ ሲያይ ቆየ፤ ነጠላውን እንደገና ገለጠና ንጉሡን አነሣው። ሲያስቀምጠው ከእንግሊዞቹ ኮት በተነካካው ቀለም ጣቱ ቀይ ሆኖ ቀረ። ጣቱን በእጅ መሐረብ ጠረገ፤ አልለቀቀም።

«ሂዱ፣ ወደ ቤታችሁ ሂዱ» አለ። ሰፌዱን ለማንሣት ስጣደፍ ደግሞ «ንጉሡን ተወው» አለኝ። መሳቢያውን ከፈተ፣ ንጉሡን አስተኛው፣ ቆለፈበት። አልተከራከርኩም። የሰፌዱን ጠርዝ ይዤ፣ ፊቴን ወደ እሱ አድርጌ፣ የኋሊት ወጣሁ። ደጅ ስንደርስ አቶ ይመር አጠገቤ መጥተው ቀይ ቀለሙን ነገ በጠዋት እንድመልስ፣ ስለተቀባውም ማንም እንዳያወራ በሹክሹክታ ነገሩኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ብሩሽ አልነካሁም። ሳጥኑ ቦታው ገባ፤ ጭንቀቴም ቦታው ተመለሰ። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ሠራዊቱ እንዴት ነው?» ይለኛል፤ እኔ «ተበትኗል» እላለሁ። የሺ ግን በርበሬዋን ከዚያ ወዲህ በቁልፍ ማኖር ጀመረች።

ክረምቱ ሲወጣ የእትዬ ዘሀራ አገር የገበሬ ማኅበር የመሬት ድርሻ ሰጣቸው፤ ዝናቡም ጥሩ ነበርና ወደ ቆላ ሊመለሱ ተነሡ። ለስንብት ሲመጡ ሳጥኑን አውጣው አሉኝ፤ ያን ሁሉ ጊዜ የመገቡትን ሠራዊት በቅርብ አላዩትም ነበር። አወጣሁላቸው። ፈረሰኞቹን አዩ፣ አለፏቸው። ቀይ ኮት የለበሱትን አዩ፣ አለፏቸው። ከታች፣ ቀለም ካልነካቸው መካከል፣ ጥምጣም የጠመጠመ፣ ጀርባው የጎበጠ አንድ ሰው አወጡ።

«ይኼ ጠመንጃው የታለ?»

«ጠመንጃ የለውም፣ እትዬ። ህንድ ነው፤ ለወታደሮቹ ውሃ የሚያመላልስ ነው። ጀርባው ላይ ያለው የውሃ ስልቻ ነው።»

መዳፋቸው ላይ አድርገው ትንሽ መዘኑት። «የሰው ምስል ቤቴ ማኖር አልወድም» አሉ። «ይኼ ግን ውሃ ይዟል። እሱን ስጠኝ።»

ደስ አለኝ። «እንዲሁማ አልሰጥዎትም፤ ነገ ነው የሚሄዱት፣ ዛሬውኑ ቀለም ልቀባልዎት» ብዬ ብሩሼን መፈለግ ጀመርኩ።

እትዬ ዘሀራ ሰውዬውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

«ተወው ልጄ፣ እንዲሁ ይሻላል» አሉኝ። «አንተ ስትቀባ ታወራለህ።»